እንባ ያቀረረ የሕፃን ዓይን፦ መቼ እንጠብቅ፣ መቼ እንሩጥ?

ልጁ አላለቀሰም። ጠብቶ ጠግቧል፤ ደህና ተኝቶም ነበር። ግን አንድ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጠዋት ሲነቃ ደግሞ ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል። አንዷ «ምች ነው» ትላለች። ሌላዋ «የጡትሽን ወተት ጠብ አድርጊበት» ትላለች። ጎረቤት ለራሷ ልጅ ታዞ የተረፈ ጠብታ ይዛ ትመጣለች። አራሷ መሃል ላይ ትጨነቃለች።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጊዜ ሲያገኝ ራሱ ይድናል። አንዳንዴ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ አንድ ቀን ማደር እንኳ ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ልጁ ከተወለደ ስንት ቀኑ ነው? የዓይኑ ነጭ ክፍል እንደነበረ ነጭ ነው ወይስ ቀልቷል? ቤት ውስጥ ባለው ተራ ብርሃን ዓይኑን ከፍቶ ያያል ወይስ ይጨፍናል? የሚከተለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር የተያያዘ ነው።

እንባ ከየት ወዴት

እንባ የተሠራው ለለቅሶ ብቻ አይደለም። ቀን ከሌት ዓይንን ያረጥባል፣ አቧራን ያጥባል፣ ተህዋስያንን ይከላከላል። የሚያመነጨው ዕጢ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ በጆሮ በኩል ባለው ጥግ ተቀምጧል። እንባው ዓይንን አርሶ ወደ አፍንጫ በኩል ወዳለው ጥግ ይሄዳል። መስታወት ፊት ቆማችሁ የራሳችሁን የታችኛውን ቆብ ሳብ ብታደርጉ፣ በአፍንጫ በኩል ጠርዙ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ታያላችሁ። ላይኛው ቆብ ላይም አንድ አለች። እንባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ ከአፍንጫ አጥንት ጎን ወዳለ ትንሽ ከረጢት ይደርሳል። ከከረጢቱ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ውስጥ ይወርዳል። ስናለቅስ ንፍጣችን የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። የዓይን ጠብታ ጨምረን ጉሮሯችንን የሚመርረንም ለዚሁ ነው።

ቱቦው የሚሠራው ልጁ ማሕፀን ውስጥ ሳለ ነው። መጀመሪያ ድፍን ነው፤ ቀስ በቀስ ይከፈታል። መጨረሻ ላይ የሚከፈተው አፍንጫ ውስጥ የሚገባበት ጫፍ ነው። ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ እዚያ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን አብሯቸው ይወለዳል። በአብዛኞቹ ላይ ማንም ሳያውቀው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይከፈታል። ሳይከፈት ሲቆይ ግን እንባው መውጫ ያጣል። ቧንቧው ተከፍቶ ማፍሰሻው እንደተደፈነ የእጅ መታጠቢያ ነው፤ ሞልቶ በጠርዙ ይፈስሳል።

ይህ በጣም የተለመደ ነው። ከ100 ሕፃናት ውስጥ ከ5 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተወለዱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ለምን ወዲያው አይጀምርም? አራስ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲያለቅስ እንባው በጣም ጥቂት ነው። የእንባ ዕጢው ሥራውን ሲያጠነክር ነው የቱቦው መደፈን የሚታወቀው። «ሲወለድ ደህና ነበር፤ ኋላ ነው የመጣበት» የሚሉ እናቶች ልክ ናቸው። ግን ኋላ የመጣው ምልክቱ ነው። መደፈኑ ከመጀመሪያውም ነበር።

የተደፈነ ቱቦ እንዴት ይታወቃል?

ዓይኑ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እንባው አንዳንዴ በጉንጩ ላይ ይወርዳል። ሲተኛ ዓይናሩ ይጠራቀምና ጠዋት ሽፋሽፍቱን ያጣብቃል። ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ላይ ነው፤ በሁለቱም ሊሆን ይችላል። ነፋስ ሲነካው፣ ብርድ ሲሆን ወይም ጉንፋን ሲይዘው ይብሳል። ጉንፋን የሚያብሰው የአፍንጫው ውስጥ ሲያብጥ ያቺን ጠባብ መውጫ ጭራሽ ስለሚዘጋት ነው።

ዋናው ምልክት ግን የሌለው ነገር ነው። ነጩ የዓይን ክፍል አይቀላም። ልጁ አይነጫነጭም፤ ይጠባል፣ ይስቃል፣ መብራቱን ያያል። ዓይናሩ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ዓይኑ ተመርዟል ማለት አይደለም። እንባ በአንድ ቦታ ሲቆም ወፈር ይላል፤ ጥቂት ባክቴሪያም ይራባበታል። ከረጢቱ ያለበትን ቦታ ቀስ አድርጋችሁ ብትጫኑ ዝልግልግ ፈሳሽ ወደ ዓይኑ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። አትደንግጡ። እንዲያውም ሐኪሞች ቱቦው መደፈኑን ከሚያረጋግጡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ከእነዚህ ሕፃናት ከ10 ዘጠኙ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ስለዚህ ወላጅ በዚህ ጊዜ ያለበት ሥራ ሁለት ነው፤ ማጽዳትና ማሸት።

ማጽዳት

መጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ። ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፤ ለብ ሲል ንጹሕ ጥጥ ወይም ፋሻ ነክሮ መጭመቅ። ከአፍንጫ በኩል ካለው ጥግ ጀምሮ ወደ ጆሮ በኩል አንዴ ብቻ ጠረግ ማድረግ። ያንን ጥጥ መጣል። ካልጸዳ ሌላ አዲስ ጥጥ። ለሁለተኛው ዓይን ደግሞ ሌላ። አንዱን ጥጥ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ማጋባት ነው። የደረቀ ዓይናር ካለ በጥፍር አትላጡት። እርጥቡን ጥጥ ለትንሽ ጊዜ ደገፍ አድርጉበት፤ ይላላል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሻሽ መጥረግ ልማዳችን ነው። ግን ያ ጨርቅ ስንት ነገር እንደነካ አስቡት።

እንባው ሁልጊዜ ከወረደ ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ይላጣል። በየጊዜው አድርቁለት። ፊቱን ቅቤ ወይም ዘይት ስትቀቡ ወደ ዓይኑ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የአራስ ቤት ዕጣንና የቡና ጭስም አንድ ነገር ነው። ቡናው ይፈላ፣ ጨዋታውም ይድመቅ፤ ልጁ ግን ጭሱ በማይደርስበት በኩል ይተኛ። ጭስ ጤነኛውን ዓይን እንኳ ያስለቅሳል።

ማሸት፦ ትክክለኛው ቦታና ትክክለኛው አቅጣጫ

ይህን ዘዴ ክሪግለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1923 በጽሑፍ አሳወቀ። ከመቶ ዓመት በኋላም የዓይን ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዝዙት ይኸንኑ ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቀው ንጹሕ እጅና ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ብዙ ወላጅ ቦታውን ይስታል። ዓይኑን ራሱን ያሻል፣ ወይም አፍንጫውን ከላይ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ይተዋል።

ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ እጃችሁን ታጠቡ። ልጁ ጋደም ሲል ወይም ሲጠባ ይመቻል። በአመልካች ጣት ወይም በትንሿ ጣት ጫፍ የዓይኑን የውስጥ ጥግ፣ ቆቦቹ ከአፍንጫው ጎን የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጉ። ከሥሩ አጥንት ይሰማችኋል። ከረጢቱ ያለው እዚያ ነው። ጣታችሁን እዚያ ላይ ጫን አድርጉና፣ ጫናውን ሳትለቁ በአፍንጫው ጎን ወደ ታች አንሸራቱት። ከዚያ አንሱና እንደገና ከላይ ጀምሩ። ከታች ወደ ላይ አይደረግም። ከ5 እስከ 10 ጊዜ ከደጋገማችሁ ለአንድ ዙር ይበቃል። በቀን ሦስት አራት ዙር አድርጉ። ዳይፐር ሲቀየር ወይም ሲጠባ ማድረግን ልማድ ካደረጋችሁት አይረሳም።

ጫናው ምን ያህል ይሁን? ዳሰሳ አይጠቅምም። የሚፈለገው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተገፍቶ፣ ከታች ያለውን ስስ ሽፋን በግፊቱ እንዲከፍተው ነው። የጣታችሁ ጫፍ ትንሽ ነጣ እስኪል መጫን ይበቃል። ልጁ ትንሽ ሊነጫነጭ ይችላል፤ ሊያመው ግን አይገባም። የዓይኑን ኳስ በፍጹም አትጫኑ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ባለሙያው በራሱ እጅ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ ማየት ከብዙ ጽሑፍ ይሻላል። ለ45 ቀን ክትባት ስትሄዱ ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ማሸት የማይደረግበት ጊዜ አለ። ከዓይኑ የውስጥ ጥግ ሥር ቀልቶ ካበጠ፣ ሲነካ ልጁ ከጮኸ፣ ትኩሳትም ካለው ከረጢቱ አመርቅዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ እጅ አይነካውም። በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል፤ በሚዋጥ ወይም በመርፌ በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይታከማል። ሲወለድ ጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ ሰማያዊ የመሰለ እብጠት ካለውም ቶሎ ይታይ። ይህ ዓይነቱ እብጠት አንዳንዴ ወደ አፍንጫ ውስጥ ይዘልቃል። አራስ ሕፃን ደግሞ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ ሲጠባ ሊታፈን ይችላል።

«ቅባት ተሰጠው፤ ዳነ፤ እንደገና ተመለሰበት»

ይህን ቅሬታ ብዙ ወላጅ ያሰማል። መድኃኒቱ አልሠራም፣ ወይም ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ሌላ ጠንካራ ጠብታ ፍለጋ የሚሄዱ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንቲባዮቲክ ቅባት ባክቴሪያን ይቀንሳል፤ ዓይናሩም ለጊዜው ይጠፋል። ቱቦውን ግን አይከፍትም። ቱቦው እስከተደፈነ ድረስ እንባው እንደገና ይቆማል፤ ዓይናሩም ይመለሳል። ስለዚህ ዓይናሩ ሲበዛና አረንጓዴ ሲሆን፣ ወይም ዓይኑ መቅላት ሲጀምር ሐኪም ለጥቂት ቀናት ሊያዝ ይችላል። ከዚያ ውጭ ወራት ሙሉ መቀባት ትርፉ ድካም ነው።

ከታዘዘላችሁ አቀባቡ ቀላል ነው። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ከውስጡ አንድ ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን መስመር ጨምሩ። የቅባቱ ማሸጊያ አፍ ዓይኑንም ጣታችሁንም አይንካ። ለአንዱ ልጅ የተከፈተ ጠብታ ለሌላው አይሆንም። የተከፈተ ጠብታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአራት ሳምንት በላይ አይቀመጥም።

አንድ ነገር በጣም አሳስባለሁ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ጠብታ አትግዙ፤ በተለይ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለበትን። እነዚህ ስቴሮይድ ይባላሉ። ቅላትን ቶሎ ስለሚያጠፉ «ጥሩ መድኃኒት» ይመስላሉ። ግን ኢንፌክሽን ካለ ያባብሱታል። ለረጅም ጊዜ ሲጨመሩ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የዓይን ሞራም ያመጣሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አንብቡ፤ ካልገባችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ዓመት ሞልቶት ካልተከፈተስ?

ተስፋ አይቆረጥም። አሜሪካ ውስጥ ከ6 እስከ 10 ወር የሆናቸው፣ ቱቧቸው ገና ያልተከፈተ ሕፃናት በማሸትና ሲያስፈልግ በአንቲባዮቲክ ጠብታ ለስድስት ወር ክትትል ሲደረግላቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ያለ ቀዶ ሕክምና እንደዳኑ ታይቷል። ስለዚህ በስምንት ወሩ «አሁንስ ይበቃል» ብሎ ማሸቱን መተው አያዋጣም።

ዓመት አካባቢ ሆኖ ካልዳነ የዓይን ሐኪም ቀጭን ሽቦ የመሰለ መሣሪያ በዓይን ቆቡ ቀዳዳ አስገብቶ ቱቦውን ይከፍታል። ደቂቃዎች የሚፈጅ ነው፤ መቆረጥም መሰፋትም የለውም። ልጁ እንዳይንቀሳቀስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ወላጅን የሚያስፈራውም ይኸው ማደንዘዣው ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ጥያቄያችሁን ሁሉ ለማደንዘዣ ባለሙያው አቅርቡ። አብዛኞቹ ልጆች በአንድ ጊዜ ይድናሉ። ላልዳኑት ቱቦው ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ስስ የሲሊኮን ክር ይገባላቸዋል። ከአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሌላ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎችም የዓይን ሕክምና ክፍሎች አሏቸው። ወደ እነዚህ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሪፈር ስለሚያስፈልግ፣ ከዓመቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማስመዝገብ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ወር፦ እዚህ ላይ አይጠበቅም

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ልጁ ስንት ቀኑ ነው? 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ዓይኑ ቀልቶ መግል ካወጣ ነገሩ ሌላ ነው። «ቱቦ ነው፤ ይለቀዋል» ተብሎ አይታለፍም።

ልጁ በማሕፀን በር ሲያልፍ እዚያ ያለ ባክቴሪያ ዓይኑን ሊነካው ይችላል። በጣም አደገኛው የጨብጥ ባክቴሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከተወለደ ከ2 እስከ 5 ባለው ቀን ይጀምራል። ሁለቱም ዓይኖች ያብጣሉ፤ ቆቦቹ መከፈት እስኪያቅታቸው ይወጠራሉ። ብዙ ወፍራም መግል ይወጣል፤ ተጠርጎ ወዲያው ይሞላል። ይህ ባክቴሪያ ኮርኒያን፣ ማለትም ከብሌኑ ፊት ያለውን የጠራ ሽፋን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊበሳው ይችላል። ከተበሳ ማየት ይጠፋል። ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰዳል።

ሁለተኛው ክላሚዲያ የሚባል፣ እንደ ጨብጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው። ቆየት ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ባለው ቀን ይመጣል። እንደ ጨብጡ አይፈጥንም። ግን ባክቴሪያው ወደ ሳንባ ወርዶ ከሳምንታት በኋላ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ እሱም በሚዋጥ ሽሮፕ ይታከማል። «ዓይኑ ተሽሎታል» ብላችሁ ሽሮፑን አታቋርጡ።

እዚህ ላይ የሚያሳፍር የሚመስል ነገር ይመጣል። ሐኪሙ እናትና አባትም ይታከሙ ይላል። ይህ ሲባል ቤት የሚታመስበት ጊዜ አለ። እባካችሁ ይህን እወቁ። ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ጨብጥም እንዲሁ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ማን ከማን፣ መቼ እንደያዘው ከሕፃኑ ዓይን ተነሥቶ ማወቅ አይቻልም። አራስ ሴት ላይ ጣት መቀሰር ለልጁም ለማንም አይጠቅምም። ሁለቱም አብረው መታከማቸው ግን እናትን ከማሕፀን መመረዝና ከመካንነት ይጠብቃል፤ የሚቀጥለውንም ልጅ ያድናል።

ይህ በሽታ አንድ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ልጆችን በብዛት ያሳውር ነበር። ላይፕዚግ ከተማ የነበረ ካርል ክሬዴ የሚባል የማዋለጃ ሐኪም በ1881 መፍትሔውን ለዓለም አሳወቀ። በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ ወዲያው የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። በእሱ ማዋለጃ ከ10 ሕፃናት አንዱን ያህል ይይዝ የነበረው በሽታ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። ዛሬ ጠብታው በቅባት ተተክቷል። በአገራችን ጤና ተቋማት አራስ ልጅ ሲወለድ ዓይኑን የሚቀባው ቲቲሲ፣ ማለትም ቴትራሳይክሊን፣ የዚያ ልጅ ልጅ ነው። አሜሪካ የወለዳችሁ ኤሪትሮማይሲን የሚባለውን አይታችሁ ይሆናል። ስዊድንንና እንግሊዝን የመሳሰሉ አገሮች ደግሞ ለሁሉም ሕፃን መቀባቱን ትተዋል። ስለዚህ እዚያ ወልዳችሁ ካልተቀባለት ተረስቶ አይደለም፤ ግን ዓይኑ ከቀላ ቶሎ ማሳየት ነው።

ቤት ውስጥ የተወለደ ልጅ ቅባቱን አያገኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ፣ ወይም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የተቀባም ቢሆን መቶ በመቶ አይጠበቅምና፣ መግል ካያችሁ «ተቀብቷል እኮ» ብላችሁ አትዘናጉ።

ትልልቅ ዓይን ሁልጊዜ ውበት አይደለም

ይህን ክፍል አያቶችና አክስቶችም ቢያነቡት እወዳለሁ። ሕፃን ትልልቅ ዓይን ሲኖረው ሁሉም ያደንቃል። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ ዓይኑ ያምራል። ግን ትልልቅ ዓይን ከእንባና ከብርሃን መፍራት ጋር አብሮ ከመጣ፣ አብሮት የተወለደ ግላኮማ ሊሆን ይችላል። የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። የሕፃን ዓይን ደግሞ ገና ለስላሳ ስለሆነ በግፊቱ ይለጠጣል፤ ይተልቃል። የዓይኑ ጥቁር ክፍል ስፋት ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ሐኪም ይጠረጥራል። ከብሌኑ ፊት ያለው ሽፋን ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ጥራቱን ያጣል።

ብርሃን መፍራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ጠዋት ፀሐይ ስታሞቁት ዓይኑን ቢጨፍን ምንም አይደለም፤ ማንም ይጨፍናል። ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎም ዓይኑን ጨምቆ የሚይዝ፣ ፊቱን ሁልጊዜ ጡት ሥር የሚደብቅ ልጅ ግን ይታይ። በዚህ በሽታ እንባው ይበዛል፤ ዓይናር ግን ብዙም የለም። በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ቶሎ የተደረሰበት ዓይኑን ያተርፋል፤ የዘገየው ግን የጠፋውን ማየት አይመልስም። «የተደፈነ ቱቦ ነው» ተብሎ ወራት ሲያልፍበት ያሳዝናል።

ስልክ ይዛችሁ ፎቶ ስታነሡትም አስተውሉ። በፍላሽ ሲነሣ የአንዱ ዓይን ብሌን ቀይ ሆኖ የሌላው ነጭ ካንጸባረቀ፣ የዓይን ሞራ ወይም የዓይን ውስጥ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ይየው።

ዓይን ውስጥ የማይገቡ ነገሮች

የእናት ወተት በጎ ነገር ነው፤ በሽታን የሚከላከል ነገር በውስጡ እንዳለም እውነት ነው። እናቶቻችን ጠብ የሚያደርጉት ከክፋት አይደለም። ነገር ግን የተደፈነ ቱቦን አይከፍትም። ጨብጥንም አያድንም። ጉዳቱ በአብዛኛው «ወተት እያደረግሁለት ነው» በሚል የሚያልፈው ጊዜ ነው። ወተቱ በአፉ ይግባ፤ ዓይኑን ለንጹሕ ውኃ ተዉለት።

ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም፣ የሎሚ ጠብታ፣ ምራቅ፣ ቅቤ፣ አንዳቸውም ዓይን ውስጥ አይገቡም። የቅጠል ጭማቂ ኮርኒያን ሊያቃጥል ይችላል፤ ከቅጠሉ ጋር የሚመጣ ፈንገስ ደግሞ ለማከም ከባድ ነው።

ኩልም እንዲሁ። ለውበት፣ ዓይኑን ያበራለታል ተብሎ፣ ወይም ከሰው ዓይን ይጠብቀዋል ተብሎ ሕፃን ይኳላል። ብዙ ዓይነት ኩል ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለ። ልጁ ዓይኑን አሽቶ እጁን ይልሳል፤ ብረቱም ወደ ሰውነቱ ይገባል። ሊድ የሚጎዳው አእምሮን ነው፤ ጉዳቱም አይመለስም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ኩል ለመዋቢያ መሸጥ አይፈቀድም። ከአገር ቤት የተላከ ካላችሁ ለሕፃን አትጠቀሙበት።

ልጁ ከፍ ሲል፣ መዳህ ሲጀምር ሌላ ነገር ይጨመራል። ታላቅ ወንድሙ ዓይን ማዝ ይዞት ከሆነ በፎጣና በእጅ በቀላሉ ይጋባል። ፎጣ ለየብቻ ይሁን። ትራኮማ ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ዝንብ ዓይናር ፍለጋ ከአንዱ ልጅ ፊት ወደ ሌላው ትሄዳለች። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ከባዱን የትራኮማ ጫና የተሸከመች አገር ናት። የሕፃን ፊት በቀን ደጋግሞ መታጠብ እዚያ ላይ ትልቅ መድኃኒት ነው። በዘመቻ የአዚትሮማይሲን ሽሮፕ ሲታደል 6 ወር ያልሞላው ልጅ ሽሮፑ አይሰጠውም፤ በምትኩ የቲቲሲ ቅባት ይሰጠዋል። «የኔ ልጅ ተዘለለ» ብላችሁ እንዳትከፉ፤ ቅባቱን ግን ተቀበሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ነው።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ

ጠዋት ሳትጠርጉት በፊት የዓይኑን ፎቶ አንሡ። ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ዓይኑ ጸድቶ ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላልና ፎቶው ይረዳል። የጀመረበትን ቀን፣ አንድ ዓይን ይሁን ሁለቱ፣ የት እንደተወለደና ሲወለድ ተቀብቶ እንደሆነ ንገሩ። በእርግዝና ጊዜ የማሕፀን ፈሳሽ ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ከነበረም ሳትደብቁ ንገሩ። ቤት ውስጥ ያደረጋችሁለትን ሁሉ፣ ወተትም ይሁን ቅጠል ወይም የጎረቤት ጠብታ፣ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ካርቶኑ ካለ ይዛችሁት ሂዱ። ልጁን ጡት ሳታጠቡ አትግቡ። የራበው ልጅ ያለቅሳል፤ የሚያለቅስ ልጅ ዓይኑን ጨምቆ ይይዛል፤ ሐኪሙም ሊያየው የሚፈልገውን ብሌን አያይም።